ጠመኔ ያልነካው ኮሌታ

ሴትዮዋ ልብስ ስፌት ሲያስተምሩ አፋቸው ሥራ ፈት ነው፤ የሚናገረው ጠመኔያቸው ነው። ተማሪ የሰፋችውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጉና ስህተቱን በጠመኔ ከብበው «ፍቺው» ይላሉ። ያልተከበበው ደህና ነው ማለት ነው። ይህ ለእሳቸው አገር ያወቀው ነገር ነበርና ለማንም ነግረው አያውቁም። ተማሪዎቹም ከኋላቸው «እትዬ ጠመኔ» ይሏቸዋል።

አንድ የስፌት ቤት ባለቤት ሠራተኛ ሊመርጥ በማግስቱ ሊመጣ ነው። ከተማሪዎቹ ዝምተኛዋ ካፖርት ሰፍታ አመጣች። ሴትዮዋ ኮሌታውን ሲያዩ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። አንገት ላይ ልጥፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ስፌቱ የት እንደገባ አይታይም። «ይቺ ልጅ እኔንም ትበልጠኛለች» አሉ በልባቸው። በአፋቸው ግን ትንፍሽ አላሉም። ቢሉት ምን ነበረበት! ኪሱን ከበቡ፣ እጅጌውን ከበቡ፣ «ፍቺውና አስተካክለሽ ነገ ይዘሽ ነይ» ብለው ሰጧት።

በማግስቱ ባለቤቱ መጣ፤ ልጅቷ የለችም። ሴትዮዋ ዓይናቸው በር በሩን ሲያይ ቆየና አላስችል አላቸው። «እባክዎ ትንሽ ይታገሱኝ፣ ዋናዋን አላዩም» ብለው ሰውየውን ለመኑና ወደ ልጅቷ ቤት እየተጣደፉ ሄዱ።

እናትየው በሩን ከፈተችላቸው። «ምነው እትዬ፣ ልጄን ምን አሏት? ስታለቅስ ነው ያደረችው» አለቻቸው።

ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ካፖርቱ ተፈትቶ ብትንትኑ ወጥቷል። ከኮሌታው እንኳ የቀረው አንድ ጥግ ብቻ ነው።

«ኪሱንና እጅጌውን ነው እንጂ! ኮሌታውን ማን ፍቺ አለሽ?»

«እሱንማ ጠመኔም አላባከኑበትም» አለች ልጅቷ። «የማይታረም ሆኖ የተዉት መሰለኝ።»

ሴትዮዋ አጠገቧ ዘፍ አሉ። ያን ሁሉ ዓመት ዝም ያሉባቸው ልጆች ፊት ድቅን አለባቸው።

«የኔ ልጅ፣ እንደዚያ ያለ ኮሌታ እኔ ራሴ ሰፍቼ አላውቅም።»

ልጅቷ ወደ እናቷ አየት አደረገች። «ማልቀሴን ስለነገረችዎት ነው። ለማጽናናት እንደሆነ ይገባኛል፣ እትዬ።»

«እውነቴን ነው! ይኸውልሽ፣ ይሄን ነው የምልሽ!» ሴትዮዋ ቃል ሲጠፋቸው እጃቸው ወደለመደው ኪስ ገባ። ጠመኔውን አውጥተው፣ ከኮሌታው ሳይፈታ የቀረውን ጥግ በደስታ ከበቡላት።

ልጅቷ ክቡን አየችው። «እሺ» አለችና መቀሱን አነሳች።