ያልተነበበው ጽሑፍ ካሳ

ፀደንያ ዋኘው ማመልከቻውን ሞልታ ልትጨርስ አንዲት ሳጥን ብቻ ቀርታታለች። ስሟን፣ ውጤቷን፣ ስለ ደጋ ገብስ ልታጠና ያሰበችውን ሁሉ ጽፋለች። የቀረችው ሳጥን «የማስተርስ አማካሪዎ የድጋፍ ደብዳቤ» ትላለች። እሷ ካልተሞላች ማመልከቻው አይላክም፤ ማመልከቻው ካልተላከ ደግሞ ፒኤችዲ የሚባል ነገር የለም። ቀነ ገደቡ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

አማካሪዋ ዶክተር ሰውአገኝ ነበር። አማካሪ ይባል እንጂ በሁለት ዓመት ውስጥ የመከራት ነገር ቢኖር «ሌላ ቀን ነይ» የምትል ቃል ብቻ ናት። አምስት ጊዜ የጽሑፏን ረቂቅ ወሰደችለት፤ አምስቱንም ጊዜ በር ላይ አቁሞ ተቀበላትና ጠረጴዛው ጥግ ካለው ክምር ላይ ጣለው። ቢመራት ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ አቤት አለች። ዶክተሩም ቂሙን ቋጥሮ ቆይቶ፣ ጽሑፏን በምትከላከልበት በዲፌንሷ ቀን ሰው ሁሉ ፊት «ይህች ልጅ መክሰስ እንጂ መማር አታውቅም» አላት። ዲግሪውን ያገኘችው ሌሎቹ ፈታኞች ሥራዋን ስለወደዱላት ነው። ከዚያ ወዲህ ደባርቅ ላይ ባዮሎጂ ስታስተምር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን በአፏ አላነሳችም።

ስህተቷ ለእረፍት ቤት መጥታ ነገሩን ለአባቷ መንገሯ ነው። መሪጌታ ዋኘው የቁስቋም የድጓ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን መጀመሪያ ተማሪ፣ ኋላም የኔታ ሆነው የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ በተማሪና በመምህር መካከል ጠብ ሲነሣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልጋቸውም።

«መምህርሽ ሳይመርቅሽ ነው የወጣሽው?» አሉ ደንግጠው።

«አባዬ፣ ይሄ እንደናንተ ጉባኤ ቤት አይደለም።»

«መምህር ሁሉ መምህር ነው። እኛ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው የምንሄደው ጉልበት ስመን፣ ተመርቀን ነው። ተጣልቶ የወጣ ደግሞ ሽማግሌ ይልካል።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። መሪጌታ ግን አልቀለዱም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ «ማራኪ ሰፈር ጉዳይ አለኝ፣ አድርሽኝ» ብለው ይዘዋት ሄዱ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ከሚኒባሱ ሲወርዱ ሁለት ሰዎች ቆመው ሲጠብቋቸው ባየች ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። አንደኛው የንስሐ አባታቸው ቄስ ምንዳዬ ናቸው። ሁለተኛው አያ ማሩ፣ የዳባት ገበሬ፤ ለመመረቂያ ጽሑፏ ሁለት መኸር ቤታቸው እያደረች ገብሳቸውን የቆጠረችው እሳቸው ዘንድ ነው።

«አባዬ፣ ውርደት ነው! ቢሮ ሽማግሌ ይላካል?»

«ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው አይደለም እንዴ?» አሉና ደረጃውን ቀድመው ወጡ።

ዶክተር ሰውአገኝ በሩን ሲከፍት ክው አለ። እሱም የወገራ ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ለምን እንደሚቆም ማንም አያስተምረውም።

«አባቶቼ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ ቄስ ምንዳዬ። «በእግዚአብሔር ስም ቆመናል። ይህች ተማሪህ አስቀይማሃለች፣ ይቅር በላት። ነይ ልጄ፣ ጉልበቱን ሳሚና ‹አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ› በዪ።»

ኮሪደሩ ላይ ያሉት ተማሪዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከፀደንያ የምትጠበቀው አንዲት ቃል ናት፤ ከተናገረቻት ደብዳቤው ይጻፋል። ጎንበስ ልትልም ቃጥቷት ነበር። ዓይኗ ቄስ ምንዳዬ ከያዙት መስቀል ላይ ሲያርፍ ግን አልሆነላትም።

«አላጠፋሁም» አለች። «መስቀል ፊት አልዋሽም። አምስት ጊዜ አመጣሁለት፣ አምስት ጊዜ መለሰኝ። አቤት ማለት ጥፋት ከሆነ ይቅርብኝ።»

«ኧረ ልጄ!» ብለው መሪጌታ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«አያችሁ? እንዲህ ናት!» አለ ዶክተሩ። «እኔን ዘላ ለኃላፊዬ ነው የከሰሰችኝ።»

አያ ማሩ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ እስቲ። እሷም ተናገረች፣ አንተም ተናገርህ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይችን ልጅ በጥቅምት ብርድ ማሳዬ ላይ ተንበርክካ ዛላውን አንድ በአንድ ስትቆጥር አይቻታለሁ። የቆጠረችውን ጽፋ አመጣችልህ። አነበብኸው?»

«ሃያ ስድስት ተማሪ ነበረኝ እኮ፣ አያ።»

«ምነው? እሱን መች ጠየቅሁህ?»

ዶክተር ሰውአገኝ ዞሮ ጠረጴዛው ጥግ ያለውን ክምር አየ። ከዚያ «አላነበብሁትም» አለ። ለእሱም ቢሆን ከባድ ቃል ነበረች።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጡ። ሽማግሌዎቹ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ተመካከሩና ተመለሱ።

«ጥፋቱ ያንተ ሆኖ ተገኝቷል» አሉ ቄስ ምንዳዬ። «ካሳ ቆርጠንብሃል። በግም ብርም አይደለም። ታነበዋለህ። ከፊተኛው ቅጠል እስከ ኋለኛው። የዛሬ ሳምንት እንመጣለን።»

«ከዚያ ያየኸውን ጻፍ» አሉ አያ ማሩ። «ሸጋ ከሆነ ሸጋ ነው፣ ክፉም ከሆነ ክፉ።»

«እሺ» አለ ዶክተሩ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የተቀመጡት።

ሳምንቱ ለፀደንያ ዓመት ሆነባት። ሦስት ዓመት ሙሉ «ባነበበው ኖሮ» ስትል የኖረች ልጅ፣ አሁን እያነበበው መሆኑን ስታውቅ እህል አልወርድ አላት። ቢያነበውና ዋጋ የሌለው ቢሆንስ?

በቀጠሮው ሐሙስ አራቱም ተመልሰው ሲገቡ ጽሑፏ ጠረጴዛው መሐል ላይ ነበር፤ ኅዳጉ ሁሉ በቀይ ቀልሟል። ዶክተሩ ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረሰም።

«ገጽ ስልሳ አንድ» አለ። «ነጭ ገብስ የተዘራበት መደብ አሥራ ሁለት ነበር ትያለሽ። የተቆጠረው አሥራ አንድ ነው። አንዱ የት ሄደ?»

አያ ማሩ አሳላቸው።

«እሱን እኔ ነኝ ያጨድሁት» አሉ። «ውርጭ ሲመታው ተስፋ ቆረጥሁና ለበሬዎቼ ሰጠሁት።»

«እሳቸውን ማሳጣት መሰለኝና ተውኩት» አለች ፀደንያ።

«ትልቁን ነገር ነው የተውሽው! የጠፋውን መደብ ከስሌቱ ስታወጪው ነጩ ገብስ ከሌላው የተሻለ መስሎ ታየ። ይሄ አንድ። ሁለተኛ፣ ገበሬው ምን ሲያይ ነው ተስፋ ቆርጦ ማጭድ የሚያነሣው? ከዚያ በኋላ ሊያገግም ይችል የነበረው ገብስስ ስንት ነው? ይሄን ማንም አላጠናውም። አንድ ፒኤችዲ ይወጣዋል።»

ፀደንያ ሳታውቀው እስክሪብቶ አውጥታ ነበር። ደስታና ንዴት አንድ ላይ መጡባት። ይህ ሰው ማንበብ ይችላል። ያኔም ይችል ነበር። እንባዋን በእጇ ጠርጋ መከራከር ጀመረች፤ ስለ መደቡ፣ ስለ አቆጣጠሩ፤ ቄስ ምንዳዬ ሁለት ጊዜ አዛጉ፣ መሪጌታ ግን የልጃቸውን አፍ አፍ እያዩ ፈገግ ይሉ ነበር።

በመጨረሻ ዶክተሩ እዚያው ቁጭ ብሎ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ደብዳቤ ለሽማግሌዎቹ በአማርኛ አነበበላቸው። «ይህን ሥራ በጊዜው አላነበብሁትም፤ ጥፋቱ የተማሪዋ አይደለም። አሁን አንብቤዋለሁ። ትልቅ ድካም አለበት፣ አንድ ስህተትም አለበት። ስህተቷን ስነግራት እስክሪብቶ ያወጣች ተማሪ ናት። ብትቀበሏት ታተርፋላችሁ።»

«በሉ አሁን ይቅር ተባባሉ» አሉ ቄስ ምንዳዬ።

«ደብዳቤውን ተቀብያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ፀደንያ። «ይቅርታው ግን ገና ከልቤ አልወጣም። ጊዜ ስጡኝ።»

«ጊዜ ይገባሻል» አለ ዶክተር ሰውአገኝ ቀስ ብሎ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ መሪጌታ ልጃቸውን ትከሻዋን ያዝ አደረጉ። «ሳልጠይቅሽ ፈረድሁብሽ፣ ልጄ» አሉ። እሷም ጉልበታቸውን ሳመች።

ለቀነ ገደቡ የቀረው አራት ቀን ነው፤ የጥናቱን ሐሳብ ግን ከሥሩ አፍርሳ ልትጽፈው ነው። ከኋለኛው ወንበር ላይ ከአያ ማሩ አጠገብ ተቀመጠችና ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«አያ ማሩ፣ ያን ቀን ጠዋት ማሳው ላይ ምን አይተው ነው ማጭድ ያነሡት?»

አያ ማሩ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አስታወሱ። «መጀመሪያ ቅጠሉን ነው የነካሁት» አሉ፤ እሷም መጻፍ ጀመረች።