ከኋላ የመጣው ገላጋይ

ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው አዳራሽ፣ ልምምድ ካለቀ በኋላ ማንም ቶሎ አይሄድም። ላባቸው ሳይደርቅ ክርክር ይጀምራሉ። ካራቴ ይበልጣል፣ የለም ቦክስ ነው፣ የቻይናው ውሹ ደግሞ ጭፈራ ነው፣ ዝም በል አንተ ጭፈራውን ስላልቀመስከው ነው... እንዲህ ነው ሁልጊዜ። አሰልጣኙ አንዱዓለም ጥግ ላይ ተቀምጦ ውሃውን እየጠጣ ይሰማቸውና መጨረሻ ላይ ይፈርዳል።

«በአገሩ ስም አትከፋፍሉት» ይላቸዋል። «የሚመታ አለ፤ ቦክስ፣ ካራቴ፣ የኛው ቴኳንዶ። የሚይዝ አለ፤ ጁዶና ትግል። የሚመክት ደግሞ አለ፤ ገጠር በዱላ የሚጫወቱት ምክቶሽ እዚህ ይገባል። ሁሉም ሸጋ ነው፣ እንደ ርቀቱ ነው። ራቅ ካለ ምታው። ከተጠጋህ ያዘው።»

«ከኋላ ከያዘኝስ ማስተር?» ይላል ፊልጶስ። ፊልጶስ ከልጆቹ ሁሉ ጎበዙም ቁጡውም እሱ ነው።

«ከኋላ ከያዘህማ ማሰብ የለም። ጀርባህ ራሱ ማወቅ አለበት።»

ይቺን ከጁዶ የተዋሳትን ነገር ደጋግሞ ነው ያሠራቸው። አንዱ ከኋላ መጥቶ ደረቱን ያቅፋል፣ የታቀፈው ዝቅ ብሎ ክንዱን ይጨብጥና በትከሻው ላይ አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ታች ምንጣፍ አለ፣ የሚጎዳ የለም። እነሱን ሲያስተምር የሱም ጀርባ ነገሩን ይበልጥ እያወቀው ሄደ።

ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ልጆቹን ለሩጫ ከከተማው ወጣ ወዳለው ደጋ፣ ኮሶዬ ወሰዳቸው። ዳገቱን ሮጠው፣ ብርዱ ላባቸውን ሲያደርቀው፣ መንገድ ዳር ካለች ቤት ደጅ ተቀምጠው ቅቅል ድንች በአዋዜ አዘዙ። ሁሉም ነጭ የልምምድ ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው። ቅዳሜ እርሻ ስለሌለ የሰፈሩ ጎረምሶችም እዚያው ተደርድረው ነበር።

«ምነው፣ ነጭ በነጭ ሆናችሁ የመጣችሁ፣ ከቀብር ነው ከሠርግ?» አለ አንዱ። ባዬ ይባላል።

«ስፖርተኞች ነን» አለ ፊልጶስ።

«እግራችሁን ታነሳላችሁ አሉ። እኛ ዘንድ እግሩን የሚያነሳ በቅሎ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። አንዱዓለምም ሳቀ፣ መቼም ያስቃል። ፊልጶስ ግን ድንቹን አስቀምጦ ተነሳ። «በቅሎው ሲረግጥህ ታየዋለህ» አለ። ባዬም ዱላውን ይዞ ተነሳ።

አንዱዓለም መሀላቸው ገባ፣ ፊቱን ወደ ባዬ አድርጎ። «ወንድሜ፣ ተወው፣ ልጅ ነው» አለ። ለመገላገል ነበር የገባው። ከሩቅ ላየው ሰው ግን ሁለት ሆነው ባዬን የገጠሙት ነበር የሚመስለው።

ያኔ ነው ሁለት ክንዶች ከኋላው መጥተው ደረቱ ላይ የተቆላለፉት።

ጀርባው ዐወቀ። ዝቅ አለ፣ ክንዱን ጨበጠ፣ ዞረ። የያዘው ሰው ከራሱ በላይ አልፎ ድንጋያማው መሬት ላይ ሲወድቅ ነው አንዱዓለም ፊቱን ያየው። ሽበታም ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸው ተገልጧል፣ ቀኝ ትከሻቸው ሌላ ቦታ ሄዷል።

«አያ ላቀውን» አለች ድንች የምትሸጠው ብርቄ፣ ቀስ ብላ። «ገላጋዩን መታ።»

ባዬ ዱላውን ጥሎ መሬት ላይ ተደፋ። አባቱ ናቸው።

እንግዲህ እዚያ አገር ጠብ ሲነሳ ገላጋይ ከፊት አይመጣም፣ ዱላ ያገኘዋላ። ከኋላ መጥቶ ያቅፍና «ተው ልጄ፣ ተው» እያለ ይጎትታል። የታቀፈው ሰው ይወራጫል፣ ይሳደባል፣ ገላጋዩን ግን አይነካም። አንዱዓለም ጎንደር ከተማ ተወልዶ ያደገ ቢሆንም ይህን ያውቃል። ጭንቅላቱ ያውቃል። ጀርባው ነው ያላወቀው።

በተገኘችው መኪና ጎንደር ሆስፒታል ወሰዷቸው። ትከሻቸው ተሰብሯል፣ ለዘንድሮ እርሻ እርፍ መጨበጥ የለም ተባለ። ባዬ ሆስፒታሉ ደጅ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ማለ። «የዚህን ሰው ክንድ ሳልሰብር ከማንም ጋር አልታረቅም።»

ሰኞ አዳራሹ ውስጥ ፊልጶስ ለቀሩት ልጆች እያሳየ ነበር። «ጁዶ ነው አንደኛ፣ በዓይናችን አየን። እንዲህ ዝቅ አለ፣ እንዲህ...»

አንዱዓለም በሩ ላይ ቆሞ ሰማው። «ምኑን ነው ያየኸው?»

ልጁ ደነገጠ። «ሠርቷል ማለቴ ነው ማስተር።»

«አዎ። ሠርቷል።»

ምንጣፉን ጠቅልሎ ተቀመጠበት። የዚያን ዕለት ልምምድም አልነበረም። ልጆቹ ሲሄዱ ፊልጶስ ቀረና አጠገቡ ተቀመጠ።

«ማስተር፣ ሰውዬው እኮ ‹ተው› አላሉም። አጠገብህ ነበርኩ፣ ቃል አልወጣቸውም። ዝም ብሎ የሚይዝ ገላጋይ የት አለ? እሱን ለዕርቁ ሽማግሌዎች ንገራቸው፣ ጥፋቱ ካንተ ይወርዳል።»

እውነት ነው፣ «ልጄ» የምትለዋን ቢሰማ የአንዱዓለም እጅ ይላላ ነበር። ምናልባት። ቀኑን ሙሉ እሷኑ ሲያስብ ነው የዋለው፤ አሁን ከሌላ ሰው አፍ ስትወጣ ግን አስጠላችው።

«ሰበርኳቸው፣ አሁን ደግሞ ጥፋቱ የርስዎ ነው ልበላቸው? ፊልጶስ፣ ይቺን ነገር ከአፍህ እንዳልሰማት።»

ለዕርቁ አጎቱ አያ ሐብተ ማርያም ይዘውት ሄዱ፤ ኮሶዬ አማቾች አሏቸው። ደጁ ሲደርሱ አንዱዓለም ጫማውን አውልቆ፣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። አያ ላቀው ክንዳቸው በነጠላ ታስሮ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ባዬ በሩ አጠገብ ነው፣ ዱላው ጉልበቱ ላይ።

አያ ላቀው ከላይ እስከ ታች አዩት። ድንጋዩ ከበደው።

«ያቺ ነገርህ ምን ትባላለች?» አሉ በኋላ።

«ጁዶ ናት። ከሚይዙት ወገን ናት።»

«የያዝኩስ እኔ ነበርኩ።»

አያ ሐብተ ማርያም ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ወዲያው በጋቢያቸው ሸፈኑት።

«ከኋላ የመጣን ሁሉ ትጥላለች?»

«ሁሉን ትጥላለች፣ አያ ላቀው።»

ሽማግሌው የታሰረ ክንዳቸውን አመቻቹ፣ ፊታቸው ተጨማደደ። «እንግዲህ ስሙ። ልጄ ዱላ ሲያነሳ ከታች ሆኜ አየሁ። ዳገቱን ሮጬ መጣሁ። ይኸን ልጅ አቀፍኩት፣ ‹ተው› ልል አፌን ከፈትኩ፣ ትንፋሽ የለም። ቃሉ አልወጣኝም።»

«አባባ፣ እሱን ምን ያነሳዋል?» አለ ባዬ።

«እውነት ስለሆነ።» ወደ አንዱዓለም ዞሩ። «አንተስ ቃል እንዳልወጣኝ አላወቅህም ነበር?»

«ዐውቄ ነበር።»

«ምነው ታዲያ አልተናገርህ?»

«እርስዎ ተሰብረው፣ እኔ በምን አፌ?»

አያ ላቀው በግራ እጃቸው ድንጋዩን አመለከቱ። «በኔ በኩል ይቅር ለእግዜር። ድንጋዩን አውርዱለት። የባዬን ግን እኔ አልምልለትም። እሱ ራሱ ይበል።»

ባዬ ተነሳ። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና «ቁም» አለው። አንዱዓለም ቆመ። ባዬ ዞሮ ከኋላው መጣ፣ ክንዶቹን ደረቱ ላይ ቆለፈ፣ ጨመቀው። እርሻ ያጠነከረው ክንድ ነው፣ የጎድን አጥንቱ ሲንቋቋ ተሰማው።

አያ ሐብተ ማርያም ከመቀመጫቸው ብድግ ሊሉ ሲሉ አያ ላቀው በደህናው እጃቸው ያዟቸው።

የባዬ ቀኝ እግር ወደ ፊት ወጥቷል፣ ክብደቱ ሁሉ እዚያ ነው። አንዱዓለም ማየት አላስፈለገውም። ጉልበቱ ሊታጠፍ ሲል መለሰው። ጣቶቹ ሊጨብጡ ሲሉ ዘረጋቸው። እጆቹን ወደ ታች ጥሎ ቆመ። ትንፋሽ አጠረው፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ነገር መጣ፣ ባዬ አሁንም ጨመቀ። ቢጨርሰው እንኳ እዚሁ ይቆማል፣ ቆርጧል።

«አትጥለኝም?» አለ ባዬ ጆሮው ሥር።

«አልጥልህም።»

«በበቅሎ ቀልድ» አለ ባዬ። «በበቅሎ ቀልድ አባቴን አሰበርኩት።»

ክንዶቹ ላሉ፣ ግን አልተለያዩም። ግንባሩን አንዱዓለም ትከሻ ላይ ደፍቶ ቀረ። ሸሚዙ ሲርስ ለአንዱዓለም ተሰማው።

«ልቀቀው እንግዲህ» አሉ አያ ላቀው። «ምሳ ይቅረብ።»

ባዬ ለቀቀው። ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ወደ ጓዳ ገባና በጆግ ውሃ ይዞ ተመለሰ። መጀመሪያ ለአያ ሐብተ ማርያም አፈሰሰ፣ ቀጥሎ ለአንዱዓለም። ውሃው ሲወርድ ሁለቱም እጅ እጁን ነበር የሚያዩት። አባቱ ዘንድ ሲደርስ ጆጉን አስቀምጦ በርከክ አለና፣ የግራ እጃቸውን በራሱ እጅ ይዞ አጠበላቸው።