ሁለተኛ ሹፌር

ባሏን ሰው ሁሉ «ጋሽ ቀስታ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ አንድም ቀን ተጣድፎ፣ አንድም ሰው ሜዳ ላይ ጥሎ አያውቅም። ጡረታ ሲወጣ ልጆቻቸው «እስቲ አሁን እንኳን ተዝናኑ» ብለው ባልና ሚስቱን ወደ አንዲት ደሴት ላኳቸው። ሹፌር ጡረታ ሲወጣ የሚያርፈው እግሩ እንጂ ምላሱ አይደለምና፣ የሞተሩን ድምፅ እየሰማ ጀልባ ነጂውን ሲተች ነው የመጣው።

ወደቡ አጠገብ መኪና አከራይ ቢሮ ገቡ። ቢሮ ማለት ለአፍ ያህል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና ቁልፎች የተሰቀሉበት ጣውላ ብቻ ነበር። አከራዩ ወሬ የሚወድ ጎልማሳ ነው፤ ወሬው ግን ፍሬ ነበረው።

«አባቴ፣ ትልቋን ይተዉልኝ። ማዶ ያሉት መንደሮች መንገዳቸው ጠባብ ነው፤ በትልቅ መኪና የገባ ሰው ስፖኪዮውን ጥሎ ነው የሚወጣው። ነዳጅ እዚሁ ይሙሉ። ኢንሹራንሱ ጎማ አይሸፍንም፣ ስለዚህ ኮረኮንች አይግቡ። የተራራው መንገድ ላይ ደግሞ ለሚወጣው ቅድሚያ ይስጡ፣ ኩርባው ላይ ክላክስ ያድርጉ። ዳሩ ገደል ነው፣ መከለያ የለውም።»

«ለቀባሪው አረዱት አሉ!» አለ ባሏ። ሁሉም ሳቁ።

ወደ ውጭ ወጡ። «ከመረከብዎ በፊት አብረን እንዙራት» አለ አከራዩ። «ያለውን ጭረት ሁሉ አይታችሁ በስልክ ቅረጹት። ኋላ ‹የአንተ ነው፣ የአንተ ነው› እንዳንባባል።»

እሷ ስልኳን አወጣች። ባሏ መዳፉን በመኪናዋ ገላ ላይ እያሳለፈ፣ እንደ በሬ ገዢ እየደባበሰ ይዞር ጀመር። አከራዩ ቀድሞት ሄዶ ወደ ኋላው በር አመለከተ።

«ይቺንስ አዩልኝ?»

«አየኋት፣ አየኋት። ትንሽ ናት፣ ብትወለወል ትጠፋለች።»

በሩ ከዳር እስከ ዳር ተሸርክቶ ብረቱ ፈጦ ነበር። አከራዩ ቀልድ መስሎት «እንዲህ ያለ ደንበኛ ያብዛልኝ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሻዩን ከብርጭቆው ውጭ ቀድቶ «እጄ ተንቀጠቀጠ» ያላት፣ «ወሬው ሁሉ ያው ነው» ብሎ ጋዜጣ የተወው፣ ጎረቤታቸውን ድምፅዋን እስኪሰማ ድረስ ዝም ብሎ ያለፋት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተገጣጠመባት። መጀመሪያ ፈራች፣ ቀጥሎ ተናደደች። ከሁሉም በላይ ግን አሳዘናት።

«ውሉ ላይ ያልተጻፈ ሰው ነድቶ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አይከፍልም» አለ አከራዩ። «ሁለተኛ ሹፌር ልጻፍ?»

«የምን ሁለተኛ! መንጃ ፈቃድስ አላት፤ ግን እሷ ስትነዳ እግረኛው ነው የሚጸልየው» አለ ባሏ።

ብትናገር በባዕድ ሰው ፊት ታዋርደዋለች። ዝም ብትል ገደሉ አለ።

«ልጄ፣ እስቲ ውሃ አምጣልኝ» አለችው አከራዩን። ዘወር ሲል ወደ ባሏ ተጠጋች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አትደብቀኝ። ዓይንህ።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀኙ ከከዳኝ ሰነበተ። ግራው እንኳ ጥላ ጥላውን ያሳየኛል» አለ።

«እና ይዘኸኝ ገደል ልትገባ ነው?»

«ቀስ ብዬ እነዳለሁ ብዬ ነው።» ፊቱን ወደ ድምፅዋ መለሰ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ሚስት ሳመላልስ፣ አንቺን አንድ ቀን እንኳ ሽርሽር ወስጄሽ አላውቅም። ሳይጨልምብኝ አንዴ ላንሸራሽርሽ ብዬ ነው።»

እንባዋን መመለስ አቃታት። አከራዩ ውሃውን ይዞ ሲመጣም አልደበቀችውም።

«ሁለተኛ ሹፌር ብለህ እኔን ጻፍ» አለችው።

«እሺ እናቴ። አንደኛው እርሳቸው ናቸው፣ አይደል?»

ለእሱ ስትል «አዎ» ልትል አፏን ስትከፍት ባሏ ቀደማት።

«እኔን አትጻፈኝ። እሷን ብቻ ጻፍ።»

አከራዩ ጻፈ። ባሏ ግን እግሩ በለመደው ሄዶ የሹፌሩን በር ዳብሶ ከፈተና ገባ፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ አሳረፈ። አከራዩ ወደ ቢሮው ተመልሶ ጣውላው ላይ ያሉትን ቁልፎች ያስተካክል ጀመር። እሷ በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀች።

በመጨረሻ ራሱ ወረደ።

«በይ እንግዲህ፣ መሪ ሁኚኝ» አለና እጁን ዘረጋላት።

እጁን ያዘችና በመኪናዋ አፍንጫ በኩል አዙራ፣ ቀስ እያለች፣ ወደ ማዶው በር መራችው።