አንድ ሊትር ስንት ይመዝናል

ሳሙና ሠሪው ደንበኛቸው ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣውን ቅቤ ፈልጎ «ሦስት ኪሎ» ብሎ አዘዘ። ቅቤውን የሚሸጡለት እህትማማቾች ደግሞ ሥራውን ከጀመሩ ወዲህ በሊትር እንጂ በኪሎ ሸጠው አያውቁም። ታላቅየዋ፣ እትዬ፣ አፏ ከሐሳቧ ቀድሞ የሚደርስ ሴት ናት።

«ምን ችግር አለ? ሊትሩ ኪሎ ነው። ሦስት ሊትር ስጪውና ይሂድ!»

«እሱ ለውሃ ነው» አለች ታናሽዋ። «ቅቤ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከውሃ ይቀላል ማለት ነው።»

«ጎሽ የኔ ሊቅ! በይ መዝኝዋ።»

ድሮ ቢሆን ታናሽዋ አጸፋውን ትመልስላት ነበር። አሁን ግን ማንኪያ አነሳች። ልጇ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ናት፤ ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ሲያስቋት ጥርሷን ታሳያለች፣ ውስጧ ግን ደንዝዟል። ልጅቷ ያለጊዜዋ በኦፕራሲዮን ተወለደች፤ እናት ራሷን ስታውቅ ሕፃኗ ሞታ ተቀብራለች። አላየቻትም፣ አላቀፈቻትም። ነርሷ የነገረቻት ክብደቷን ብቻ ነው። «ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ይሏታል፤ ጎረቤት መቼም ምክር አይቸግረው። ሁሉም ዕንባዋን ይጠብቃል፤ እሷም ትጠብቃለች። ግን ላላቀፉት ልጅ እንዴት ይለቀሳል? ቁጥር አይለቀስ ነገር!

መጀመሪያ ቅቤውን በማንኪያ እየዛቀች የሊትሩን መስፈሪያ ሞላች። በየመሀሉ አየር ገብቶበት ስምንት መቶ ግራም እንኳ በቅጡ አልደፈነም። ይሄ ልክ አይባልም ብላ አቀለጠችው፤ እስከ ሊትሩ መስመር ቀዳችና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባችው። ሲረጋ ገልብጣ አወጣችውና ሚዛኑ ላይ አኖረችው።

ዘጠኝ መቶ አምስት ግራም።

ቁጥሩን ደግማ አነበበችው። ነርሷ የነገረቻት ይህንኑ ነበር። ቅቤውን ከሚዛኑ አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው። እስከዛሬ ዘጠኝ መቶ አምስት ምን ያህል እንደሆነ አታውቅም፤ ከቁጥር የማይቆጠር ነገር ይመስላት ነበር። አይደለም፤ ክንድ ላይ ይሰማል።

«ስንት መጣ?» አለች እትዬ ዕቃ እየከደነች። «ኪሎ አልሞላም አይደል? እኔማ ሰውዬውን ልሰርቀው ነበር! በይ ጨምሪበት።»

«አይጨመርበትም።»

«በኪሎ ነው ያዘዘው እኮ!»

«ዘጠኝ መቶ አምስት ነው፣ እትዬ። የልጄ ልክ ነው።»

የእትዬ እጅ ክዳኑ ላይ ቀረ። ሕፃኗን ከሆስፒታል ተቀብላ እስከ መቃብሩ አፍ የታቀፈቻት እሷ ናት። ያቺ ምላሰኛ ስለዚያ ቀን ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ ቁስል መነካካት መስሏት።

«እስቲ ስጪኝ» አለች።

ተቀብላ ክንዷ ላይ አስተኛችው፤ ዓይኗን ጨፈነች። ቅቤው በገላዋ ሙቀት እየለሰለሰ እጅጌዋን ሲቀባት ግድም አልሰጣት።

«አዎ» አለች በመጨረሻ። «ይህንኑ ታህል ነበር።»

ታናሽዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዕንባው አሁንም አልመጣም። የመጣው ጥያቄ ነው፤ ማንንም ጠይቃ የማታውቀው።

«ፀጉር ነበራት?»

«ጥቁር» አለች እትዬ። «እስከ ግንባሯ ድረስ።»