ፈረንሳይኛ በዳዊት ዜማ

ጥሩዬ ፈረንሳይኛ ልማር ብላ ስትመጣ ቁጣዬን አልደበቅኳትም።

«አንቺ ሴት፣ ልታስገድይኝ ነው? ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሁሉ በጣሊያን እየታደነ መሆኑን አልሰማሽም?»

እሷ ግን ከደጄ አልነቃነቅ አለች። ባሏ ወዳጆ፣ በየካቲቱ እልቂት ቤታቸው ሲቃጠል፣ ሞታለች ብሎ ጅቡቲ ገብቷል። አንዲት ፈረንሳዊት እመቤት ደግሞ ወደዚያው ልትሄድ ነውና ለሕፃን ልጇ ቋንቋዋን የምትሰማ ሞግዚት ትፈልጋለች።

«ሌላ መንገድ የለኝም፣ የኔታ» አለች።

ፈረንሳይኛ ማወቄን ደብቄ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ዳዊት አስተምር ነበር። ጣሊያኖች ዛሬ ካዛንቺስ በምንለው በኩል ለሹማምንቶቻቸው ቤት ሲያሠሩ በደጄ ይመላለሳሉ። ስለዚህ ፈረንሳይኛውንም በዳዊት ዜማ አስጀመርኳት። «ኢል ፎ ክ» የግድ ነው ማለት ነው፤ «ፑር ክ» የእኛው «ዘንድ» ነው። ከሁለቱም በኋላ ግሱ መልኩን ይለውጣል፤ ይህን ሳታውቂ አልለቅሽም አልኳት። እየተወዛወዘች ስታዜመው የሰሙ ጎረቤቶቼ ጥሩዬ ልትመነኩስ ነው ብለው አወሩ።

ጉዱ የመጣው ያለ ዜማ ተናገሪ ስላት ነው። አንድ ቃል አልወጣት አለ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ወይ ፍንክች።

ፈረንሳዊቷ በቀጠረቻት ቀን ወደ ቤቷ አብሬያት ሄጄ፣ ቋንቋውን እንደማይሰማ ሰው በሩ ላይ ቆምኩ። ሕፃኑ በማዳም እቅፍ ቤቱን በለቅሶ ያናጋዋል። ማዳም በጩኸቱ መሀል ለምን መሄድ እንደፈለገች ጠየቀቻት። ጥሩዬ ዓይኗን ጨፍና መወዛወዝ ጀመረች። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

«ኢል ፎ ክ ዠ ፓርት፣ ፑር ክ ሞን ማሪ ሳሽ ክ ዠ ቪ።» ባሌ በሕይወት መኖሬን ያውቅ ዘንድ መሄድ አለብኝ ማለቷ ነው። የመጨረሻዋን «ቪ» እንደ ቀዳሽ ቄስ ሳበቻት።

ሕፃኑ ዝም ብሎ አፉን ከፍቶ አያት። ስትጨርስ እንደገና አለቀሰ። ማዳም መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ከዚያ «ድገሚው» አለቻት። ጥሩዬ ስትደጋግመው ልጁን እንቅልፍ ወሰደው። ማዳምም የይለፍ ወረቀቱን ራሷ ልታስጨርስላት ቃል ገባች። ስንመለስ ከደስታዬ የተነሳ መቆጣቱን ረሳሁት።

የሄደች ዕለት ለገሀር ሸኘኋት። ባቡሩ ሲነቃነቅ ልጁ አለቀሰ፤ ወዲያው በመስኮቱ የጥሩዬ ዜማ ተሰማ።

«ኢል ፎ ክ ዠ ፓርት...»

አስተማሪ ነኝና አላስቻለኝም። የጣሊያን ወታደር አጠገቤ እንደቆመ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተቀበልኳት።

«ፑር ክ ሞን ማሪ ሳሽ ክ ዠ ቪ...»

እንባዬ ወረደ። በዙሪያዬ የነበሩ ሸኚዎች ነጠላቸውን አስተካክለው «አሜን» አሉ። እኔም አሜን አልኩ።