ዓይኑን ሳይነቅል

«እዚያ አትቀመጥ» አለችው ኔሊዳ። «የቤተሰብ ወንበር ነው።»

ሩፊኖ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ አፉን ወደ ታች፣ ጫፉን ወደ ውጭ። ከዚያ ወንድሙን አየ። ሳጥኑ ክፍት ነበር። አኒባልን ጥቁር የመድረክ ልብሱን አልብሰው፣ ፀጉሩን በቅባት ወደ ኋላ ለጥፈውታል።

«ቤተሰቡ እኔ ነኝ» አለ።

ኔሊዳ ወንበሯን አነሳችና ከሳጥኑ ማዶ፣ ከራስጌው በኩል ወስዳ ተቀመጠች። እንዲህ ሆነው ሬሳውን በመሃል አድርገው ዋሉ።

ሩፊኖ ከትውልድ ከተማቸው ከብራጋዶ የመጣው ለወንድሙ ሊያለቅስ አልነበረም፤ ሊወስደው ነበር። አልሸሸገም። የለቅሶ አዳራሹን በር እንደረገጠ የተናገረው ይህንኑ ነው። እናታቸው ስትሞት «ሁለታችሁንም ከጎኔ» ብላለች፤ ቦታው ተገዝቶ ይጠብቃል። አኒባልና ኔሊዳ ዕድሜያቸውን አብረው ፈጁት እንጂ አልተጋቡም፤ ልጅም አልወለዱም። በሕግ ፊት የሟች ዘመድ ሩፊኖ ብቻ ነው። እሱ ሳይፈርም ሳጥኑ ንቅንቅ አይልም። ቀብሩ በሞተ ማግስት፣ በዚህ ቀን፣ መሆን ሲገባው በዓል ስለዋለ መካነ መቃብሩ ተዘጋ፤ ለቅሶውም አንድ ቀን ተጨመረበት። ያ ቀን ባይጨመር ኖሮ ሩፊኖ ወንድሙን ጭኖ በሄደ ነበር። የአጎቱ ልጅ ኤቫሪስቶ የጭነት መኪናውን ይዞ ደጅ ላይ ቆሟል።

ቀኑን ሙሉ ጨፋሪዎችና ሙዚቀኞች ገቡ፣ ወጡ። ኔሊዳን ስመው ያለቅሳሉ፤ ወደ ሩፊኖ ዞረው እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ጣቶቹ እንደ ደረቀ ጠፍር ሲሆኑባቸው ፈጥነው ይለቁታል። ከዚያ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቡናቸውን ቆመው እየጠጡ ይንሾካሾካሉ።

«ወንድሙ ነው?»

«ታላቁ። ኮርቻ ሰሪው።»

«ያ ወንድሙን የዘጋው?»

«እሱው። ፊቱንም ራሱ ሳይሰፋው አልቀረም።»

ሩፊኖ ጆሮው ደህና ነበር። አልዞረም።

የአኒባልን ጫማ ነበር የሚያየው። አዲስ ነው፤ ሶሉ ግን በጠጠር ተፍቋል፣ መድረክ ላይ እንዳያንሸራትት። ያንን ያስተማረው እሱ ነው። በብራጋዶ፣ በአባታቸው ኮርቻ ቤት፣ የቆዳውን ቁርጥራጭ ወደ ጥግ ጠርገው ይለማመዱ ነበር። በዚያን ጊዜ ሴት አቅፎ ታንጎ የሚማር ወንድ አልነበረም። ልጅ ከወንዶች ጋር ይማራል፤ መጀመሪያም የሴቷን ቦታ ይይዛል፤ የኋሊት ይሄዳል። ትልልቆቹ በቃህ እስኪሉት ድረስ ወደ ሴት ቀና ብሎ አያይም። አኒባል ለሩፊኖ የኋሊት ሄደ፤ ወራት ሙሉ። ከጀርባው መዶሻ ይኑር፣ መርፌ ይኑር አያውቅም። «ክብደትህን ጣልብኝ» ይለዋል ሩፊኖ፤ ይጥልበታል። አንድም ቀን ዞር ብሎ አላየም።

ከሰዓት በኋላ ፋኩንዶ መጣ። አኒባል ይጨፍርበት የነበረው የእራት ቤት ባለቤት ነው፤ ወፍራም፣ መሐረቡን ከእጁ የማይለይ።

«ዶን ሩፊኖ፣ ነፍሱን ይማር» አለ። «ዛሬ መዝጋት ነበረብኝ። ግን አንድ አውቶቡስ ሙሉ የብራዚል ሰው ቀድሞ ይዟል። የት አደርሳቸዋለሁ? ለእሱ መታሰቢያ ብለን እንጀምራለን። እርስዎም ቢመጡ ከመድረኩ ሥር ጠረጴዛ አለ።»

«ሬሳው እዚህ፣ ጥብሱ እዚያ» አለ ሩፊኖ።

«አኒባል ራሱ ቢሆን ይከፍት ነበር።»

«አይጠረጠርም። ምን የማይሸጠው ነገር ነበረው?»

ፋኩንዶ መሐረቡን ወደ ግንባሩ ወሰደ። ከሳጥኑ ማዶ ኔሊዳ ተነሳች።

«አይተኸዋል?» አለችው።

«ምኑን?»

«ሲጨፍር።»

«ለአገር ጎብኚ? ሹካና ቢላ እየተንቋቋበት? ምኑን አያለሁ።»

«ሳታይ ስትሳደብ ነው የኖርከው። ሂድና እይ። አይተህ ስትመለስ እወስደዋለሁ ካልክ ውሰደው። ቃል አልተነፍስም።»

«ቃልሽ ነው?»

«ሌላውን ሁሉ ሸጥሽ ትላለህ» አለች። «ቃሌን ግን ሸጬ አላውቅም።»

ኤቫሪስቶ በሩ ላይ ሆኖ ሰምቷል። «እንሂዳ» አለ። «እራት በላን፣ ሬሳ ወሰድን። ምን ቀረብን?»

እግረ መንገዳቸውን ኤቫሪስቶ ሲያወራ ሩፊኖ አልሰማውም። ክለቡን እያሰበ ነበር፤ የብራጋዶን ክለብ፣ የዚያን ቅዳሜ።

ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ በሌላው ወገን ቆመዋል። ወንድ ተሻግሮ «እንጨፍር» አይልም፤ ነውር ነው። ከሩቅ ያያል። ካየችው አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። እሷም ዘንበል ካደረገች ጭፈራው ተሰጠው ማለት ነው፤ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል አዳራሹን አቋርጦ ይሄዳል። ማንም ምንም አይናገርም። ኔሊዳ አይታዋለች። አንገቷን ዘንበል አድርጋለታለች፤ በዚህ እስከ ዛሬ ይምላል። ሄደ። ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው አኒባል ከኋላው መጥቶ አለፈውና አቀፋት። ሩፊኖ ክንዱን እንደዘረጋ ባዶ ወንበር ፊት ቀረ። ክለቡ ሙሉ ሳቀ። አኒባል ከጀርባው ቆሞ በትከሻው በኩል ሲጠቅሳት ነበር ማለት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በማግስቱ የአኒባልን ጫማ መንገድ ላይ ወረወረው። አኒባል አንስቶት በባቡር ወደ ቦነስ አይረስ ሄደ፤ እሷም ተከተለችው። በእናታቸው ቀብር ላይ እንኳ በጉድጓዱ ግራና ቀኝ ቆመው ተለያዩ።

የእራት ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ አስተናጋጆቹ በጎን ነው የሚያልፉት። ሩፊኖ ቀይ ወይን አስመልሶ ውኃ አስመጣ። ሥጋው ሲመጣ በቢላው ገፋ አድርጎ ለኤቫሪስቶ ሰጠው። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ከጎኑ የተቀመጠች ወርቃማ ጉትቻ ያደረገች ብራዚላዊት በራሷ ቋንቋ፣ ቀስ እያለች፣ እሱም እንዲገባው፣ «እርስዎም ይጨፍራሉ?» አለችው።

«እበላለሁ» አለ። ሳህኑ ግን ባዶ ነበር።

ፋኩንዶ ወጥቶ ስለ አኒባል ጥቂት ተናገረ፤ ሰዎቹ ጥብሱን ሳያቋርጡ አጨበጨቡ። ሩፊኖ ከወንበሩ ሊነሳ ነበር። ያኔ የታንጎው አኮርዲዮን፣ ባንዶኔዮኑ፣ ተነፈሰ፤ መድረኩ ላይ ሴቶች በወንበር ተደርድረው ታዩ፤ የአገር ቤት ክለብ ነው።

አንድ ሰው ገባ። አጠር ያለ ኮት፣ ወፍራም ጺም፣ ባርኔጣ። ተቀመጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ አፉን ወደ ታች፣ ጫፉን ወደ ውጭ።

ብራዚላዊቷ መድረኩን አየች። የሩፊኖን ጉልበት አየች። ባሏን በክርኗ ጎሸም አድርጋ በጣቷ አሳየችውና ሳቀች። ጠረጴዛው ሁሉ ዞሮ ሳቀ።

«ይቺ ነገር» አለ ኤቫሪስቶ አፉን እንደሞላ።

ውኃውን ሊቀዳ የመጣው ሽማግሌ አስተናጋጅ ጎንበስ አለ። «ይህን ታላቅ ወንድምየውን ዶን አኒባል ነበር የሚጫወተው» አለ። «ይሄ ጎረምሳ አልቻለበትም። እሱ ሲሆን ሰው ከወንበር ይወድቅ ነበር።»

መድረኩ ላይ ታላቅየው ተነሳ፤ አንዲት ሴት አየ፤ አንገቱን ዘንበል አደረገ። እሷም አደረገች። ሄደ፤ ደረቱን ነፍቶ እየተጎማለለ። መሃል ሲደርስ ቆመ። ወደ ተመልካቹ ዞረ፤ ጓደኞቹ ተመልካቾቹ ናቸው እንግዲህ። በአውራ ጣቱ ወደ ኋላው ጠቁሞ በዓይኑ ጠቀሰ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ከጓደኞቹ ጋር ሳቀ፤ አንዴ፣ ደግሞም አንዴ። ከጀርባው ሴቲቱ ተነስታ ቆማ ነበር። እጇ በአየር ላይ ቀረ። ግራ አየች፤ ቀኝ አየች። በሴቶቹ ወንበር በኩል መንሾካሾክ ተነሳ። ታናሽየው እስከዚያ ጥግ ላይ ቆሞ ማንንም አያይም ነበር። ቀና ሲል አያት። ሮጠ።

ሩፊኖ ተነሳ። ወንበሩ ከብራዚላዊቷ ወንበር ጋር ተላተመ። ይቅርታ አላለም። ወደ ወጥ ቤቱ በሚወስደው መተላለፊያ ወጥቶ ውጭ የጭነት መኪናው ውስጥ ተቀመጠ።

ኤቫሪስቶ ጣፋጩን ጨርሶ ነው የመጣው። ቁልፉን አስገባና ሳያዞረው ቆየ።

«መጨረሻውን አላየኸውም» አለ። «ታላቅየው ብቻውን ይቀራል። ታናሽየው ይመጣና ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ያቅፈዋል። የሴቷን ቦታ ይዞ የኋሊት ይሄድለታል። እንደ ኮርቻ ቤታችሁ። እዚህ ላይ ማንም አልሳቀም።»

ሩፊኖ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጠየቀ።

«ያን ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ከአንተ ኋላ። ከነጎረምሶቹ ጋር።»

«ዞሬ አይቼሃለሁ?»

ኤቫሪስቶ መሪውን በመዳፉ ጠረገ። «ጠቅሰኸኛል» አለ። «ሁላችንንም። ታስታውሳለህ ብዬ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ሩፊኖ ወደ አዳራሹ ሲገባ ኔሊዳ ከራስጌው አልተነሳችም። የአበቦቹ ጉንጉን ጠውልጓል። ሩፊኖ አልተቀመጠም።

«ስታሳቁብኝ ኖራችኋል» አለ።

«አዎ።»

«ከጥብስ ጋር።»

«ከወይንም ጋር» አለች። «በዚያ እንጀራ በላን። ምን ታደርገኝ?»

ሩፊኖ ጥርሱን ነከሰ። «በመጀመሪያ ለማን ነበር?»

«ምኑ?»

«አንገትሽን ዘንበል ያደረግሽው።»

ኔሊዳ ሬሳውን እያየች ተናገረች። «ላንተ ነበር። አንተን ነበር የማየው፤ ስንት ቅዳሜ። ወንድምህን ከነመኖሩም አላውቀውም ነበር። ዓይንህን ነቅለህ እነዚያን ከብት ጓደኞችህን ጠቀስካቸው። የተገዛሁ ፈረስ ይመስል። ዓይን ሲነቀል ግብዣው እንደሚሞት አንተ ነበርክ ለልጆቹ የምታስተምረው። እዚያ ቆሜ ቀረሁ። ላልጠራት ሰው የተነሳች ሴት ምን ትባል እንደነበር ታውቃለህ። እሱ ባይመጣ ኖሮ ያን ስም ይዤ ነበር የማረጀው።»

«አልነገረኝም።»

«ምን ብሎ? 'ሰረቀኝ ብሎ ቢያስብ ይቀለዋል፤ እውነቱ ይከብደዋል' ይለኝ ነበር። እኔ ልጽፍልህ ስል ብዕሩን ይወስድብኛል። 'ወንድሜ ካልመጣ ሠርግ የለም' አለኝ። ጠበቅን። ይኸው፤ ጣቴ ባዶ ነው፤ ላንተ ፊርማ እጄን አጣምሬ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ይቅር በይኝ ብለህ እንዳታለቅስብኝ። አልልህም።»

«አላልኩሽም።»

«ጥሩ። አይተሃል። ቃል ሰጥቻለሁ። ውሰደው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የቀብር ድርጅቱ ሰዎች ክዳኑን ይዘው ገቡ። ለቀስተኞቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉ፤ አንዲት ጨፋሪ መነፋረቅ ጀመረች። ግራጫ ኮት የለበሰው ሰውዬ ወረቀቱን በሰሌዳ ላይ አድርጎ ወደ ሩፊኖ መጣ።

«ወዴት ነው፣ ጌታዬ? ብራጋዶ ወይስ እዚሁ ቻካሪታ መቃብር?»

ሩፊኖ ወንድሙን አየ። ከእናቱ ጎን የተገዛውን ቦታ፣ በኖራ የተቀባውን ግድግዳ አሰበ። እሱ ራሱ ነበር የቀባው።

«እሷ ወዳለችው» አለ።

ሰውዬው ወደ ኔሊዳ ሊሄድ ሲል ሩፊኖ ክንዱን ያዘው። «እኔ እጠይቃታለሁ።»

ወደ እሷ ግን አልሄደም። የኋሊት እየሄደ ከአዳራሹ ማዶ፣ ወንዶቹ ከቆሙበት ግድግዳ ጋር ተሰለፈ። ባርኔጣውን ለአጠገቡ ሰው አስያዘ፤ ማን እንደሆነ አላየም። ቀጥ ብሎ ቆመና አያት።

ኔሊዳ ግድግዳውን እያየች ነበር። ቆየች። ሰዎቹ ክዳኑን እንደያዙ ጠበቁ፤ አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌዎቹ ሙዚቀኞች ነገሩ ስለገባቸው መንሾካሾካቸውን ተዉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊቷን መለሰች። ዓይኑን አገኘች። ፊቷ እንደተቆጣ ነበር፤ አልተለወጠም።

ሩፊኖ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

አየችው። ሊገምት በማይችለው ያህል ጊዜ አየችው። ከዚያ አንገቷን፣ በጭንቅ የሚታይ ያህል፣ ዘንበል አደረገች።

ሩፊኖ ከግድግዳው ለቅቆ ሄደ። ከደጅ የኤቫሪስቶ መኪና ሞተር ያጓራል።

«ሩፊኖ» አለ ኤቫሪስቶ ከበሩ ላይ። «ሞተሩ ተነስቷል፤ ና እንጂ። ሩፊኖ፣ አንተን እኮ ነው።»

አልዞረም። ጉልበቱ ከወንበር ጋር ተላተመ፤ ወንበሩን አላየውም። የሳጥኑን ጥግ በእጁ ዳብሶ ዞረ። እሷ ፊት ሲደርስ ቆሞ ክንዱን ሰጣት፤ ያኔ ብቻ ኔሊዳ ከወንበሯ ተነሳች።