የጋሼ ቁንጥጫ

ጋሼ በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲገቡ እንኳ አፋቸው አላረፈም። «ዕድሜ ልካችሁን ቆሽቴን ስታሳርሩት ኖራችሁ፤ ዛሬ ደግሞ ቆርጣችሁ ልታወጡት ነው?» ሲሉ ነርሷ ሳቀች። ቀዶ ሐኪሟ አልሳቀችም። ምላጭ አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በቆሽታቸው ራስ ላይ የበቀለውን ዕጢ ዛሬ ካላወጣችላቸው ዓመቱን አይጨርሱም።

«ልጄ፣ እኔ ስለሆንኩ ብለሽ እንዳትቸኩዪ» አሏት፣ ሰመመኑ ሳይወስዳቸው።

«እሺ ጋሼ።»

ሆዳቸው ተከፈተ። የቆሽቱን ራስ እንደ ክንድ ያቀፈውን የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ከጀርባ አላቀቀችና እጇን ከኋላው ሰደደች። ዕጢው እንደ ጠጠር ጠንክሯል፤ ከሥሩ የሚያልፈውን ትልቁን ደም መልስ ግን አልነካም። አንጀቷ ራሰ።

«ይወጣል» አለች።

ዕጢው እንዲወጣ ከቆሽቱ ራስ በላይ ያለች አንዲት ቀጭን ደም ቅዳ መቆረጥ አለባት። ጋሼ ራሳቸው ሲሠሩ፣ ይህቺን ደም ቅዳ ከመቁረጣቸው በፊት በመቆንጠጫ ይይዟትና፣ በሌላ እጃቸው ወደ ጉበት የሚሄደውን ደም ቅዳ ይዳስሳሉ። ትርታው ካለ ይቆርጣሉ። ተማሪዎቻቸው «የጋሼ ቁንጥጫ» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ትርታው ጠፍቶ ያየ አልነበረማ።

«አንቺ ደግሞ! ተኝተዋል እኮ፤ አያዩሽም» አላት አብሯት የተማረው ረዳቷ፣ መቆንጠጫውን ስታነሳ።

«ያዩኛል።»

ቆነጠጠች። ጣቷ ሥር የነበረው ትርታ ጠፋ። ስትለቀው ተመለሰ፤ ደግማ ስትቆነጥጥ ጠፋ። ረዳቷም ጣቱን አስጠግቶ ዳሰሰና ቀልዱ አፉ ላይ ደረቀ። ምርመራው ያላሳየው ነገር ነበር፤ የጉበታቸው ዋና የደም መንገድ ከላይ ተዘግቶ፣ ጉበቱ ከታች በዚያች በቀጭኗ በኩል በሚመጣ ደም ነው የሚኖረው። እሷ ከተቆረጠች ጉበቱ ይሞታል።

ደሙ ከላይ እንዲያልፍ ዋናውን ደም ቅዳ የሚጫነውን ጅማት ፈታች። እንደገና ቆነጠጠች፤ ትርታ የለም። ለጉበቱ ሌላ የደም መንገድ ልትቀጥልለት ፈለገች፤ የዳሰሰችው ደም ሥር ሁሉ እንደ ሸክላ ደርቋል። ዕጢው መንገዱን የዘጋበት ሐሞት በሌላ በኩል እንዲፈስ ብቻ አድርጋ፣ ዕጢውን እዚያው ትታ ሰፋች።

ጋሼ ሲነቁ ሚስታቸው እትዬ መነጽራቸውን ይዘው አጠገባቸው ተቀምጠዋል፤ ቀዶ ሐኪሟ ግርጌያቸው ቆማለች።

«ቆረጥሻት?» አሉ ጋሼ፣ በደረቀ አፋቸው።

«አልቆረጥኳትም። ትርታው ጠፋ።»

«ደግመሽ ሞክረሻል?»

«ደግሜያለሁ፣ ጋሼ።»

ኮርኒሱን አዩ። «ጎበዝ» አሉ።

«ኧረ በሰው ቋንቋ አውሩ!» አሉ እትዬ፣ አንዴ ባላቸውን አንዴ ሐኪሟን እያዩ። «ወጣ ወይስ አልወጣም?»

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንቺው ንገሪያት፣ ልጄ። ይቺን እኔ አልችላትም።»

ቀዶ ሐኪሟ ወንበር ስባ ከእትዬ ፊት ተቀመጠች።